አሥራ ሦስት ቦታ፣ ሃያ ሰባት ሰው

ሐረር፣ ጥር 14 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለተክለጻድቅ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ከመሥሪያ ቤትህ ከመጣው ወረቀት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

የሠራተኞቹን የስም ዝርዝር ቅጽ እስካሁን ለምን አላስገቡም ብለህ ጠይቀኸኛል። ያላስገባሁት ሰንፌ አይደለም፤ ደንቡንም ንቄ አይደለም። ስንት ሠራተኛ እንዳለኝ ስለማላውቅ ነው። ሳትስቅ አንብብ።

አንተ ለትምህርት ስትሄድ ልጅ ስለነበርክ የፈላና በር ሰፈሩ መጋዘናችን ሥራ እንዴት እንደሆነ አታስታውስም። ባሌ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤቱን ሲከፍት በግድግዳው ዙሪያ አሥራ ሦስት ሰሌን አነጠፈ። በየሰሌኑ አንዲት ሴት ሰፌዷን ይዛ ትቀመጣለች፤ ከቡናው ጠጠሩን፣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን ትለቅማለች። ሰሌኑን እነሱ «ቦታ» ይሉታል። ቦታው ደግሞ የአንድ ሰው ሳይሆን የቤተሰብ ነው። ጠዋት እናት ትቀመጣለች፣ ከሰዓት ልጅ ትተካታለች። ምራቷ የወለደች እንደሆነ አማት ትመጣለች፤ አማት ለቅሶ ከሄደች እህት ትመጣለች። ቦታው ባዶ ሆኖ አያውቅም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በለቀሙት ጆንያ ልክ ለቦታው እከፍላለሁ፤ እነሱ እቤታቸው ይካፈሉታል። ማን ስንት እንደወሰደች ጠይቄ አላውቅም፤ እነሱም ነግረውኝ አያውቁም። ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚህ ኖርን።

አሁን ያንተ ወረቀት በጆንያ መክፈል ቀርቷል፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ በወር ከሃምሳ ብር በታች አይከፈለውም ይላል። ጥሩ። ሃምሳው ለቦታው ነው ወይስ ለሰው? በቦታ ከሆነ አሥራ ሦስት ነን። በሰው ከሆነ ግን ትናንት ቁጭ ብዬ ብቆጥር ሃያ ሰባት ደረሱ፤ ያልቆጠርኩትም አለ። ለሃያ ሰባት ሰው ሃምሳ ሃምሳ ብር ከፍዬ ቡናዬን የሚገዛው የድሬዳዋ ነጋዴ በሚሰጠኝ ዋጋ ሁለት ወር አልቆይም። ምሳ ንፍሮ እሰጣለሁ፣ የቡናውንም ገለባ ይወስዳሉ፤ ይህስ አይታሰብልኝም?

ይህንን ቅጽ ያዘጋጀው ሰው ለመሆኑ ቡና ሲለቀም አይቶ ያውቃል? እባክህ ጠይቅልኝ።

እህትህ ተናኘወርቅ


አዲስ አበባ፣ ጥር 28 ቀን 1968 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ መልሱን በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢሮው በእንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ተጨናንቋል። የዳቦ ቤቱም፣ የወፍጮ ቤቱም፣ የሳሙና ፋብሪካውም ባለቤት እያንዳንዱ የኔ ነገር ይለያል ይላል።

ደንቡ ሰውን እንጂ ቦታን አያውቅም። ሃምሳው ብር ለሰው ነው። ስለዚህ ከየቦታው አንድ ስም ይጻፉና አሥራ ሦስት ሠራተኛ ያስመዝግቡ፤ ስሟ የተጻፈችው ሙሉ ቀን ትሥራ፤ ሌሎቹ አይምጡ። እስከ የካቲት መጨረሻ ዝርዝሩ ካልገባ ቅጣት አለው።

ምሳ ንፍሮ እሰጣለሁ፣ የቡናውንም ገለባ ይወስዳሉ፣ ይህ ይታሰብልኛል ወይ ላሉት፦ አይታሰብም። ሃምሳው በእጅ የሚሰጥ ጥሬ ብር መሆን አለበት።

ቅጹን ማን እንዳዘጋጀው ለጊዜው አስፈላጊ አይመስለኝም። ደግሞም እዚያ ያሉት የቢሮ ሰዎች ዘንድ ስሜን ባያነሱት ደስ ይለኛል። ደንቡ የወጣው በጆንያ እየተከፈሉ ዕድሜያቸውን ለጨረሱ ሴቶች መሆኑን አይርሱ።

ወንድምዎ ተክለጻድቅ


ሐረር፣ የካቲት 19 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለተክለጻድቅ፣

ዝርዝሩ ገብቷል፤ ተገላገልክ። እኔ ግን አልተገላገልኩም።

እንዴት መረጧቸው ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። እኔ አልመረጥኩም፤ ምን አግብቶኝ። እሑድ ሁሉንም ጠርቼ ከየቦታው አንድ ስም ስጡኝ አልኳቸው። እንደ ቀልድ የጀመረው ነገር ከሰዓት ጠብ ሆኖ አረፈው። የነሳፊያ ሦስት እህትማማቾች እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። የአንዱ ቤት ደግሞ እግሯ መጋዘኑን ረግጦ የማያውቅ አክስት አስጻፉ፤ ታላቃችን እያለች የታናሽ ስም አይቀድምም አሉኝ። እኔ ምን ልበል? ጻፍኩ።

ዘይነባን ታስታውሳታለህ? ከወልደ ጊዮርጊስ ጊዜ ጀምሮ በሩ ሥር ያለችው፣ ረጅሟ፣ ድምፀ ወፍራሟ። ቦታዋን ከምራቷ ከሙና ጋር ነው የያዘችው። ሌላው ሲጨቃጨቅ እሷ ሰፌዷን አላስቀመጠችም። ተራዋ ሲደርስ «ሙናን ጻፊ» አለችኝ። «ሁለት ልጅ አላት። ልጄ ዓብዱላሂም ዘንድሮ ሶፊ ካለው እርሻው ምንም አላገኘም። እኔማ ለአንድ ነፍሴ አልሐምዱሊላህ።» ሙና ማልቀስ ጀመረች። ዘይነባ ተቆጣቻት፤ ቡናው ላይ አታልቅሺበት አለቻት።

አሁን እውነቱን ልንገርህ። ድሮ አንድ ቦታ በወር ሠላሳ ሠላሳ አምስት ብር ያገኝ ነበር። አሁን ሃምሳ እከፍላለሁ፤ ግን ከየት አምጥቼ? ንፍሮውን አቆምኩ፤ ገለባውንም ለገለባ ነጋዴ መሸጥ ጀመርኩ። ጨምሬላቸው ስበቃ ተኮርፌ ነው የምውለው። ገለባ ከልክላን እያሉ ፈላና በርን ሁሉ አስወሩብኝ። እቤቷ እንደ ቡና አፍልታ የምትጠጣውን ገለባ የነጠቅኳት ሴት ፊቴን እያየች በሃምሳው ብር ላይ ትፈርማለች።

ሥራውም ተበላሸ። የቡና ለቀማ የዓይን ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ ዓይን ይደክማል፤ ለዚህ ነበር የሚተካኩት። አሁን አንዷ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ብቻዋን ስትቀመጥ ጥቁሩንም ነጩንም አትለይም። የድሬዳዋው ነጋዴ ባለፈው ሳምንት አራት ጆንያ መለሰብኝ። ይህንንም ለቅጹ ባለቤት ንገርልኝ።

ዋናው ጭንቀቴ ግን ዘይነባ ናት። ስሟ ቀርቶ እግሯ አልቀረም። በየቀኑ ትመጣለች። ሙና አጠገብ ተቀምጣ ትለቅማለች። ክፈይኝ አላለችም። ዝም ብላ እንደ እንግዳ ብትቀመጥስ? ያ ያስቀጣል?

ተናኘወርቅ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 3 ቀን 1968 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

ያስቀጣል። እጇ ቡና ውስጥ የተገኘች ሁሉ ሠራተኛ ናት። ተቆጣጣሪው ካገኛት ከጥር ጀምሮ ያልተከፈላትን ደመወዝ ከነቅጣቱ ይጠይቅዎታል። ተቆጣጣሪው አቶ ኪዳነወልድ ይባላል፤ ከፋሲካ በፊት ሐረር ይገባል። ደህና ሰው ነው፤ ነገር ግን ያየውን ይጽፋል።

ዘይነባን ከግቢ ያስወጧት። ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ አይደለም።

ደጋግመው የጠየቁኝንም ልመልስ። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ቀን ፈጅቶብኛል። አለቃዬ አመስግኖኛል። ቡና ሲለቀም ግን አላየሁም፤ ልጅ ሆኜ እርስዎ ወደ መጋዘኑ አያስገቡኝም ነበር፤ አቧራው ያስለዋል ብለው። ባለፉት ደብዳቤዎች ዝም ያልኩት ስላፈርኩ ነው።

ወንድምዎ ተክለጻድቅ


ሐረር፣ መጋቢት 16 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለተክለጻድቅ፣

ቅጹ ያንተ መሆኑን ከመጀመሪያው ገምቼ ነበር። የስምህን መነሻ ፊደል ወረቀቱ ግርጌ ላይ አየሁት። እኔ ያሳደግኩት ልጅ እኔኑ ሰው አስመረጠኝ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። እሺ፣ ይሁን።

እንዳልከኝ አደረግሁ። ሰኞ ጠዋት በሩን ዘግቼ ዘይነባ ሆይ፣ እባክሽ ቤትሽ ግቢ አልኳት። «ለምን?» አለችኝ። ሕግ ነው አልኳት። «ሕጉ ማነው?» አለች። ወንድሜ ነው አልላት ነገር!

አልሄደችም። ከበሩ ውጭ፣ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። ግድግዳውም ያንቺ ነው ወይ አለችኝ። ሙና ከውስጥ በሰፌድ ታቀብላታለች፤ እሷ እደጅ ተቀምጣ ትለቅማለች። አላፊ አግዳሚው ምን ሆነሽ ነው ሲላት «ተናኘ ስሜን የምትጽፍበት መስመር አጥታ ነው» ትላለች። ከአቦከር ሰፈር የመጡ ዘመዶቿ ሳይቀሩ ቆመው አዩኝ። በዚህ ጾም ላይ፣ በባዶ ሆዴ፣ ጨካኝ ተብዬ ተወራብኝ።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። በሩን ከፈትኩላት። ገብታ ቦታዋ ተቀመጠች። አስወጧት ወይ ብለህ ለምትጠይቀኝ መልሱ ይኸው ነው። ከእንግዲህ እዚያው ቢሮህ ሆነህ ያስወጧት አትበለኝ፤ ከቻልክ ና እና አንተው አስወጣት።

ተናኘወርቅ


ሐረር፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለተክለጻድቅ፣

ኪዳነወልድህ መጣ፤ ሄደም። ያለ አንተ እርዳታ ተወጣሁት። ስማ።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ገባ። ልጅ እግር ነው፤ ትሑት ነው። ዝርዝሩን አውጥቶ ስም ይጠራል፤ ሴቶቹ አቤት ይላሉ። አክስትየዋ ስሟ ሲጠራ የእህቷ ልጅ አቤት አለች፤ እሱን አለፈው። ሙናን ጠራ፤ ሙናም አቤት አለች። አሥራ ሦስቱ አለቁ። ወረቀቱን አጠፈና ዞር ሲል ዘይነባን አያት። ክንዷ እስከ አምባሯ ቡና ውስጥ ነው። አትደብቀውም እንኳ።

«እኚህስ? ሠራተኛ ናቸው ወይስ ቤተሰብ? ቤተሰብ ከሆኑ አልጽፋቸውም» አለኝ።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እናቴ ናቸው አልኩት።

ልጁ ማተቤን አየ፤ የዘይነባን ሻሽ አየ፤ እንደገና ማተቤን አየ። እኔ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ እሷ ስልሳ አልሞላትም፤ እሱም ሒሳቡን ሲሠራ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። በመጨረሻ ወደ እሷ ዞሮ እማማ፣ ልጅዎ ናቸው ወይ አላት።

ዘይነባ እጇን ከቡናው አወጣች። «ወላሂ ብዬ አልምልልህም» አለችው። «ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የምጨቃጨቀው ከእሷ ጋር ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ «የመጋዘኑ ባለቤት እናት፣ ለጥየቃ የመጡ» ብሎ ጻፈ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅጣት የለም፣ የኋላ ክፍያ የለም፣ ዘይነባም ቦታዋ ላይ ናት። ሴቶቹ እስካሁን ይስቃሉ። ሳፊያ እኔንም እህትሽ በይኝ ብላኛለች።

ሦስት ወር አስጨነቅከኝ፤ ነገሩ ግን በአንድ ቃል አለቀ። መልካም ፋሲካ ያድርግልህ።

እህትህ ተናኘወርቅ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1968 ዓ.ም.

ውድ እትዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። የኪዳነወልድ ሪፖርት ፋሲካ ሳይደርስ ጠረጴዛዬ ላይ መጥቷል። ደስ አላለህም ወይ ብለው እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ በግልጽ እመልሳለሁ። አላለኝም።

እናታችን ወይዘሮ በለጡ ስትሞት አራት ዓመቴ ነበር። መልኳን አላስታውስም፤ ስሟን ብቻ ነው የማውቀው። በእሷ ቦታ ሌላ እናት ተጽፎ ሳነብ አልተናደድኩም ብል እዋሻለሁ። ግን ያናደደኝ ዋናው እሱ አይደለም፤ ለዘይነባ ብለው የዋሹት መስሎኝ እሱን ይቅር ብዬ ነበር።

ደግሜ ሳነበው ሌላ ነገር ታየኝ። ዘይነባ ሠራተኛ ብትባል ሃምሳ ብር ይከፍሏት ነበር። እናት ስትባል ምንም አይከፍሏትም። ትለቅማለች፣ አይከፈላትም። ድሮ በጆንያ የድርሻዋን ታገኝ ነበር፤ አሁን ያም ቀርቷል። ከሁለቱ ስም ምንም የማያስከፍልዎትን መረጡ፣ እትዬ። ክፉ ነዎት አልልም፤ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ግን እኔ አሥራ ስድስት ቀን ቁጭ ብዬ ያንን ቅጽ ስሠራ በሐሳቤ የነበረችው እንደ ዘይነባ ያለች ሴት ነበረች። ቅጹ መጥፎ ነው፤ መስመሩ አንሷል፤ የሚተካኩ ሰዎችን አያውቅም፤ ይህንን ለአለቃዬ ጽፌያለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠኝም። የቅጹ መጥፎነት ግን የእርሷን ሃምሳ ብር አይሰርዝም።

ሪፖርቱን አልፈረምኩበትም፤ አልመለስኩትምም። እስከ ግንቦት መጨረሻ መሳቢያዬ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ግን ወይ እንዳለ አሳልፈዋለሁ፣ ወይ አስተካክሉ ብዬ እመልሰዋለሁ። የትኛውን እንደማደርግ እርስዎ ይንገሩኝ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከዚህ በለሰለሰ መንገድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ልጅዎም ወንድምዎም፣ ተክለጻድቅ


ሐረር፣ ግንቦት 30 ቀን 1968 ዓ.ም.

ለተክለጻድቅ፣

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ለብዙ ቀን አልመለስኩልህም፤ ለምን ዘገዩ ብለህ የላክኸውንም ሁለተኛውን ደብዳቤ ሳልከፍተው ሰነበትኩ። ተሰድቤያለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ወልደ ጊዮርጊስን በሐሳቤ እያማከርኩ፣ አንተን እየረገምኩ፣ አንድ ሳምንት መጋዘኑ ውስጥ ስዞር ዋልኩ። ዘይነባን አየኋት። ከሪፖርቱ በኋላ ያልተከፈለችበት ሁለተኛው ወር ነበር፤ ዓይኗን እያሸች ትለቅማለች። እናቴ ናቸው ብዬ የሳቅኩበት ቀን ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ሰኞ ዕለት ቢሮ ሄጄ አሥራ አራተኛ ስም አስጻፍኩ። በቅጽህ ላይ አሥራ አራተኛ መስመር ስለሌለ ጸሐፊው ከታች በእጁ ጨመረው። ዘይነባ፣ የቡና ለቃሚ፣ ሃምሳ ብር፣ ከጥር ጀምሮ። ያለፈውንም እከፍላለሁ፤ በየወሩ ጥቂት ጥቂት። የፊት ለፊቱን ክፍል ለጫት ነጋዴ አከራየሁት፤ ከዚያ ይወጣል። ሪፖርቱን መልሰው፤ አስተካክሉ በል።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ አላበቃም። በዚህ ሳምንት ብቻ ከሌሎቹ ቤቶች ስምንት ሴቶች መጡብኝ። ለዘይነባ ቤት ሁለት ስም ከተጻፈ ለእኛስ አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ለሃያ ሰባቱ ሃምሳ ሃምሳ ከከፈልኩ እስከ መስከረም አልደርስም። ካልከፈልኩ ደግሞ አንተም እነሱም አትለቁኝም። ግማሽ ቀን ለምትሠራ ግማሹን ክፈይ የሚል ቅጽ ቶሎ ሥራልኝ። አለቃህ ካልመለሰልህ ደጁ ላይ ተቀመጥ፤ እንዴት እንደሚቀመጡ ዘይነባ ታስተምርሃለች።

ዛሬ ደመወዝ ከፈልኩ። ዘይነባ የመጨረሻ ነበረች። ጣቷን ቀለም አስነክሬ ከስሟ ጎን አስቀመጥኩት። ሃምሳውን ብር አንድ በአንድ ቆጠረች፤ አምናኝ አታውቅም። ከዚያ በመቀነቷ ቋጥራ ቀና አለችና፣ «እንግዲህ ያለፈው ወር እናትሽ ነበርኩ፣ በዚህ ወር ደግሞ ሠራተኛሽ ሆንኩ» አለችኝ።

አዎ፣ አልኳት። ተቀየምሽኝ ወይ?

«ኧረ ምን እቀየማለሁ፤ ደመወዙ ይሻላል» አለች።

ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ አልመልስልህም።

የምትወድህ እህትህ፣ ተናኘወርቅ